የቂጥኝ ምልክቶች

የቂጥኝ ምልክቶች ቂጥኝ (ሲፊሊስ) የተባለው የአባላዘር በሽታ በሰው አካል ላይ በየደረጃው የሚያሳያቸው ለውጦች ናቸው። በሽታው ትሬፖኔማ ፓሊደም በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ጽንስ ይተላለፋል። ቂጥኝን ከብዙ ሌሎች ኢንፌክሽኖች የሚለየው ምልክቶቹ ያለ ምንም ሕክምና በራሳቸው ጊዜ የሚጠፉ መሆናቸው ነው። ምልክቱ ጠፋ ማለት ግን በሽታው ዳነ ማለት አይደለም። ባክቴሪያው ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ልብን፣ አንጎልን፣ ዓይንንና ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። በጊዜ ከታወቀ በፔኒሲሊን ይድናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ዙሪያ በአዲስ መልክ በቂጥኝ እንደተያዙ ይገምታል። ብዙዎቹ የያዛቸውን አያውቁም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ምልክት ሕመም የለውም፣ አንዳንዴም ዓይን በማያየው ቦታ ይወጣል።

መንስኤው

ትሬፖኔማ ፓሊደም ቀጭንና እንደ ሞላ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ነው። ርዝመቱ ከ6 እስከ 15 ማይክሮሜትር ያህል ቢሆንም ውፍረቱ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በተለመደው ማይክሮስኮፕ አይታይም። ለማየት ዳራውን አጨልሞ ባክቴሪያውን ብቻ የሚያበራ ልዩ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩት እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን ናቸው። ጂኖሙ፣ ማለትም ጠቅላላ የዘር መረጃው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሙሉ በሙሉ ተነቧል። ርዝመቱም 1.14 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ነው። እያንዳንዱ ፊደል በሁለት ቢት ቢጻፍ መላው ጂኖም 300 ኪሎባይት አይሞላም፤ በስልክ ከሚነሳ አንድ ፎቶግራፍ ያንሳል ማለት ነው። ባክቴሪያው ለመኖር የሚያስፈልጉትን ብዙ ነገሮች ራሱ መሥራት ስለማይችል ከሰው ይወስዳል። ከሰው አካል ውጭ ቶሎ የሚሞተውም በዚህ ምክንያት ነው።

የበሽታውን ምልክቶች ለመረዳት ሁለት ባሕርያቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው ዘገምተኛነቱ ነው። ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ሲከፈል፣ የቂጥኝ ባክቴሪያ ግን ለአንድ ክፍፍል 30 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሽታው ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ሳምንታት የሚያልፉት ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ የላይኛው ሽፋኑ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች በጣም ጥቂት ስለሆኑ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አይለየውም።

እንዴት ይተላለፋል?

ባክቴሪያው የሚተላለፈው ከቁስሉ ወይም ከእርጥብ ሽፍታው ጋር በሚደረግ ቀጥተኛ ንክኪ ነው። በብልት፣ በፊንጢጣም ሆነ በአፍ የሚደረግ ግንኙነት ሊያስተላልፈው ይችላል። በአፍ ውስጥ ቁስል ካለ በመሳሳምም ሊተላለፍ ይችላል። ኮንዶም ቁስሉን የሚሸፍን ከሆነ በእጅጉ ይከላከላል፤ ቁስሉ ኮንዶም በማይደርስበት ቦታ ላይ ካለ ግን መከላከሉ ጎደሎ ነው።

በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ፣ በልብስ፣ በዕቃ፣ በመዋኛ ገንዳ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ወይም ፀሐይ ፊት ለፊት መሽናት የአባላዘር በሽታ ያመጣል የሚለው የቆየ እምነትም ከበሽታው አመጣጥ ጋር ግንኙነት የለውም።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ የማያም ቁስል

ባክቴሪያው ከገባ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአብዛኛው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ በገባበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣና ወደ ቁስል ይለወጣል። የተለመደው የቂጥኝ ቁስል አንድ ብቻ፣ ክብ፣ ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ መሐሉ ንጹሕና መግል የሌለው ነው። ሲዳሰስ ጠርዙ ይጠነክራል፤ ከቆዳ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ የተቀበረ ይመስላል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን ባለማመሙ ነው። አያቃጥልም፣ አያሳክክም፣ ሽንት ሲሸናም አያስቸግርም። ሆኖም ሁልጊዜ እንዲህ ዓይነት መልክ አይኖረውም። ሁለትና ከዚያ በላይ ቁስል የሚወጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ሌላ ተህዋስ ከተጨመረበት ደግሞ ሊያም ይችላል።

በወንዶች ላይ በብልት ጫፍ፣ በሸለፈት ሥር ወይም በብልት ዘንግ ላይ ስለሚወጣ በአብዛኛው ይታያል። በሴቶች ላይ በውጭኛው የብልት ክፍል ከወጣ ሊታይ ይችላል፤ በውስጥ ወይም በማህፀን በር ላይ ከወጣ ግን ካልተመረመሩ በቀር የሚታወቅበት መንገድ የለም። በፊንጢጣና በአፍ ውስጥ የሚወጣውም እንዲሁ ይሰወራል። አንድ ሰው «ምንም ቁስል አላየሁም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን አልተያዘም ማለት አይደለም።

ቁስሉ ከወጣ ከሳምንት በኋላ ገደማ በአቅራቢያው ያሉ ንፍፊቶች ያብጣሉ። ቁስሉ ብልት ላይ ከሆነ በብሽሽት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ላይ ከሆነ በአገጭ ሥርና በአንገት ላይ ይዳሰሳሉ። እነሱም ጠንካራ ናቸው፤ አያሙም።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁስሉ ይደርቅና ይጠፋል። ቁስሉን ያዳነው የሰውነት መከላከያ በዚያ ቦታ ያሉትን ባክቴሪያዎች ስለገደለ ነው፤ ይሁን እንጂ ሌሎቹ ቁስሉ ገና ሳይወጣ በደም አማካኝነት ወደ መላው አካል ተሰራጭተዋል። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የተወሰደ ማንኛውም ነገር፣ የተቀባ ቅጠል ይሁን ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ጥቂት እንክብል፣ በሽታውን ያዳነ ይመስላል። ቁስሉ ባይነካም ይጠፋ ነበር። ለብዙ ዘመናት የማይሠሩ መድኃኒቶች «ፍቱን» የሚል ስም ያተረፉት በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌሎች ቁስሎች ጋር ማነጻጸር

ብልት ላይ ቁስል የሚያወጡ በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ መልካቸው ግን ይለያያል። የብልት ሄርፒስ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በአንድ ቦታ የተሰባሰቡ፣ ውሃ የቋጠሩ፣ ኋላም የሚፈርጡ ትናንሽ ቁስሎች ያወጣል። ያቃጥላል፣ ያማል፣ ከጠፋ በኋላም ደጋግሞ ይመለሳል። ከርክር ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ መግል ያለው፣ ሲነካ የሚደማና በጣም የሚያም ቁስል ነው፤ በብሽሽት የሚያመጣው እብጠትም ያማል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በባምቡሌ ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል፤ ሰውን ወደ ሐኪም የሚወስደው ኋላ የሚመጣው የብሽሽት እብጠት ነው። ጨብጥ ቁስል አያወጣም፤ ምልክቱ ከብልት የሚወጣ መግል መሰል ፈሳሽና ሽንት ሲሸና ማቃጠል ነው።

ከንፈር ላይ የወጣ የቂጥኝ ቁስል በተለምዶ «ምች» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ምች የሚባለው የከንፈር ቁስል ብዙውን ጊዜ ውሃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥልና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት የሚደርቅ ነው። ጠንካራ፣ የማያምና ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የከንፈር ቁስል ሌላ ነገር ነው፤ መመርመር አለበት።

ይህ ንጽጽር ለግንዛቤ ይረዳል እንጂ በመልክ ብቻ በሽታን መለየት ልምድ ላለው ሐኪምም አስቸጋሪ ነው። ሁለት በሽታዎች በአንድ ቁስል ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የላቦራቶሪ አቅም በማይሟላባቸው ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት «በምልክት ላይ የተመሠረተ ሕክምና» የሚባል አሠራር አለ። በዚህ አሠራር የጤና ባለሙያው የብልት ቁስል ያለበትን ሰው አንዱን በሽታ ለይቶ እስኪያውቅ ሳይጠብቅ ቁስሉን ሊያመጡ የሚችሉትን ዋና ዋና በሽታዎች በአንድ ጊዜ ያክማል። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ምልክት የሌለው ሰው በዚህ መረብ አይያዝም። ቂጥኝ ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ያለ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ የመዳፍና የውስጥ እግር ሽፍታ

ቁስሉ ከታየ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ቁስሉ ገና ሳይድን፣ በደም የተሰራጨው ባክቴሪያ በመላው አካል ላይ ምልክት ያሳያል። ዋናው ሽፍታ ነው። በደረትና በጀርባ ሊጀምር፣ ወደ እጅና እግርም ሊዛመት ይችላል። ይህን ሽፍታ ከሌሎች የሚለዩት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በአብዛኛው አያሳክክም። ሁለተኛ፣ በእጅ መዳፍና በውስጥ እግር ላይ ይወጣል። ሌሎች ብዙ የቆዳ ሽፍታዎች እነዚህን ሁለት ቦታዎች አይነኩም፤ ስለዚህ ሁለቱም ላይ የወጣ፣ የማያሳክክ ሽፍታ ያለበትን ሰው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥርበት ቂጥኝን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አብዛኞቹ የሕክምና መጻሕፍት ይህን ሽፍታ «ሮዝ» ወይም «ቀይ» ብለው የሚገልጹት በነጭ ቆዳ ላይ የታየውን ይዘው ነው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ እምብዛም አይታይም። ሽፍታው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ወይም የመዳብ ቀለም ያለው ሆኖ፣ አንዳንዴም በላዩ ቀጭን ቅርፊት ይዞ ይታያል። በአፍና በአፍንጫ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተጠጋጋ ሆኖ የሚወጣው ዓይነት ደግሞ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ የተለመደ ነው፤ ጭርት ተብሎ ሊታለፍም ይችላል። ደረት ላይ የወጣው በቋቁቻ፣ መዳፍ ላይ የወጣው በአለርጂ ይመካኛል። ከእከክ የሚለየው ባለማሳከኩ ነው። መዳፍ ላይ ያለውን ለማየት የቀን ብርሃን ከመብራት ይሻላል።

እርጥበትና ሙቀት ባለባቸው ቦታዎች፣ በብልት ዙሪያ፣ በፊንጢጣ፣ በጭን መካከልና በጡት ሥር፣ ሽፍታው ጠፍጣፋና ሰፋ ያሉ፣ ግራጫ ወይም ነጣ ያሉ እርጥብ እብጠቶች ይሆናል። እነዚህ ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ይመስላሉ፤ በኪንታሮት መድኃኒትም ሊታከሙ ይሞከራል። በባክቴሪያ የተሞሉ ስለሆኑ ከሁሉም የቂጥኝ ምልክቶች ይበልጥ የሚያስተላልፉ ናቸው። በአፍ ውስጥም ተመሳሳይ ነጣ ያሉ፣ የማያሙ ምልክቶች በምላስና በከንፈር ውስጠኛ ክፍል ላይ ይወጣሉ።

ፀጉርም ሊመለጥ ይችላል። አመላለጡ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ብል እንደበላው ጨርቅ እዚህም እዚያም የሳሳ ነው፤ ቅንድብንም ሊነካ ይችላል። ላሽ ከሚባለው ክብና ልሙጥ መመለጥ በዚህ ይለያል። ከዚህ ሌላ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የጡንቻ ሕመም፣ ድካም፣ የክብደት መቀነስና በብዙ ቦታ የንፍፊት ማበጥ ይኖራል። እነዚህ የጉንፋንም የታይፎይድም ምልክቶች ናቸው። ቂጥኝ «ታላቁ አስመሳይ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እነዚህም ሁሉ ያለ ሕክምና ይጠፋሉ። ካልታከሙት ውስጥ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ይህም የሚሆነው በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው።

ድብቁ ጊዜ

ከሁለተኛው ደረጃ በኋላ በሽታው ድብቅ ይሆናል። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ምንም አይሰማውም። በሽታው መኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ምልክቶቹ ሊመለሱ ስለሚችሉ ለሌላ ሰው ማስተላለፉ አይቀርም። ጊዜው ሲራዘም በግብረ ሥጋ የማስተላለፍ ዕድሉ ይቀንሳል፤ እናት ወደ ጽንስ የማስተላለፏ አደጋ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል።

ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት

ካልታከሙ ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ በሽታው ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከ10 እስከ 30 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በቆዳ፣ በአጥንትና በጉበት ላይ ጉማ የሚባል ሥጋን የሚያበላሽ እብጠት ያወጣል። ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ፣ አኦርታን፣ ግድግዳ አሳስቶ እንዲለጠጥ ያደርጋል። ወደ አንጎል ሲገባ የባሕርይ ለውጥ፣ የማስታወስ ችግር፣ የተጋነነ ማንነት የመሰማትና በመጨረሻም የአእምሮ መቃወስ ያስከትላል። በኅብለ ሰረሰር ላይ ጉዳት ሲያደርስ ደግሞ እግር ላይ እንደ መብረቅ የሚወጋ ሕመምና በተለይ በጨለማ የሚብስ የአካሄድ መንገዳገድ ይመጣል።

ወደ ነርቭ፣ ወደ ዓይንና ወደ ጆሮ መግባት ግን የግድ ዓመታትን አይጠብቅም፤ በየትኛውም ደረጃ ሊሆን ይችላል። ሽፍታ ወይም የብልት ቁስል የነበረበት ሰው በድንገት ዓይኑ ቢፈዝ፣ ቢቀላና ቢያምመው፣ ጆሮው ቢጮህ ወይም መስማት ቢያቅተው በዚያው ቀን መታየት ያለበት አስቸኳይ ጉዳይ ነው። ዘግይቶ የሚሰጥ ሕክምና ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የጠፋን የዓይን ብርሃን አይመልስም።

በእርግዝና ወቅትና በሕፃናት ላይ

ባክቴሪያው እንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል። ውጤቱም የጽንስ መጨንገፍ፣ ሕፃኑ ሞቶ መወለድ፣ ያለ ጊዜው መወለድ ወይም ከበሽታው ጋር መወለድ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በቂጥኝ ምክንያት ከ390,000 በላይ እርግዝናዎች እንዲህ ባለ ጉዳት እንደተጠናቀቁ ይገምታል።

ከበሽታው ጋር የሚወለዱ ብዙ ሕፃናት ሲወለዱ ምንም ምልክት የላቸውም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ግን የማያቋርጥ፣ አንዳንዴ ደም የተቀላቀለበት የአፍንጫ ፈሳሽ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የሚላጥ ሽፍታ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የደም ማነስ፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጥ ሊታይ ይችላል። ካልታከመ ልጁ ሲያድግ የፊት ጥርሶቹ ጫፋቸው የተሸረፈ ይሆናል፣ የአፍንጫው አጥንት ይሰረጉዳል፣ ዓይኑና ጆሮውም ይጎዳሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ የደም ምርመራ ሊቀር የሚችል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትሏ፣ ከኤች አይ ቪ ምርመራ ጎን ለጎን፣ የቂጥኝ ምርመራ እንድታደርግ ይመከራል፤ በኢትዮጵያም የክትትሉ አካል ነው። ክትትል ዘግይቶ ሲጀመር ጊዜው ያጥራል፤ እናቲቱ ከመውለዷ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብላ መታከም አለባት። ባልየው አብሮ ካልታከመ ደግሞ እርግዝናው ሳያበቃ እንደገና ልትያዝ ትችላለች።

ሳይታከም ሲቀር፦ የኦስሎና የተስኪጊ መዝገቦች

ያልታከመ ቂጥኝ በጊዜ ሂደት ምን እንደሚያደርግ የሚታወቀው በአብዛኛው ከሁለት መዝገቦች ነው። የመጀመሪያው የኖርዌይ ነው። ሴሳር ቤክ የተባለው ሐኪም በዘመኑ የነበረው የሜርኩሪ ሕክምና ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ስላመነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1891 እስከ 1910 ድረስ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሕሙማን ምልክታቸው እስኪጠፋ በኦስሎ ሆስፒታል ብቻ እንዲቆዩ አደረገ። የእነዚህ ሰዎች ኋለኛ ሕይወት በሌሎች ሐኪሞች ተጠንቶ የበሽታው ደረጃዎች የተመዘገቡት ከዚያ ነው። በጊዜው የሚሠራ መድኃኒት አልነበረም።

ሁለተኛው የተለየ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ በአላባማ ግዛት ተስኪጊ አካባቢ የሚኖሩ 600 ጥቁር ወንዶችን መዘገበ፤ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። በሽታቸው በስሙ አልተነገራቸውም፤ «መጥፎ ደም» አለባችሁ፣ እያከምናችሁ ነው ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ጆን ማሆኒ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን አሳየ፤ ሰዎቹ ግን የበሽታውን አካሄድ ለመመልከት ሲባል መድኃኒቱ ተነፈጋቸው። ጥናቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1972 ፒተር በክስተን የተባለ የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኛ ለጋዜጠኞች ካጋለጠው በኋላ ነው። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1997 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ያንን የመሰለ ማታለል ለ40 ዓመት ሊዘልቅ የቻለው በከፊል በበሽታው ባሕርይ ነው፤ ምንም የማይሰማው ሰው ታክሟል ቢባል የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም።

ምርመራ

ቂጥኝ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው። ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። አንደኛው ባክቴሪያውን ለይቶ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል፤ ከጣት በሚወሰድ ደም በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤት የሚሰጠው ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። ሁለተኛው፣ አር ፒ አር ወይም ቪ ዲ አር ኤል የሚባለው፣ በበሽታው ምክንያት የሚፈጠረውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል መጠን ይለካል። ይህኛው በእርግዝና፣ በወባና በአንዳንድ ሌሎች በሽታዎች ምክንያት በስሕተት አለ ሊል ስለሚችል ሁለቱ ተደጋግፈው ይነበባሉ።

አንድ ክፍተት አለ። ፀረ እንግዳ አካሉ በደም ውስጥ ለመታየት ቁስሉ ከወጣ በኋላ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ በወጣ በሁለተኛው ቀን የተደረገ ምርመራ «ነጻ» ቢል ነገሩ አልተዘጋም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መደገም አለበት።

ከበጎ ፈቃደኞች የሚሰበሰብ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ስለሚመረመር ምንም ሳይሰማቸው በዚህ አጋጣሚ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ቂጥኝ የተገኘበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዲያደርግ ይመከራል፤ ክፍት ቁስል ቫይረሱ በቀላሉ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ነው።

ሕክምና

የመጀመሪያ ምርጫው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ነው። በሽታው በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ከሆነ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ በመርፌ መቀመጫ ጡንቻ ላይ ይሰጣል፤ ከቆየ ወይም መቼ እንደገባ ካልታወቀ በየሳምንቱ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። መርፌው ያማል። መድኃኒቱ ከጡንቻው ቀስ እያለ እየወጣ በደም ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ባክቴሪያው ዘገምተኛ ስለሆነና ፔኒሲሊን የሚገድለው በሚያድግበት ጊዜ ስለሆነ ይህ መቆየት ያስፈልጋል። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ለሁለት ሦስት ቀን መዋጥ ይህን አይተካም። ወደ አንጎል፣ ወደ ዓይን ወይም ወደ ጆሮ ከገባ ሌላ ዓይነት ፔኒሲሊን በደም ሥር ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል።

ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ዶክሲሳይክሊን ሊታዘዝለት ይችላል። ለነፍሰ ጡር ግን ጽንሱን እንደሚያድን የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ብቻ ነው። የቂጥኝ ባክቴሪያ እስከ አሁን ፔኒሲሊንን አልተላመደም፤ አዚትሮማይሲንን ግን በብዙ አገሮች ተላምዷል።

መርፌው በተሰጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ይህ ባክቴሪያዎቹ በብዛት ሲሞቱ የሚከሰት እንጂ አለርጂ አይደለም፤ በአንድ ቀን ያልፋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል።

አንዱን ብቻ ማከም ብዙም አይረዳም። ቁስል ያለበት ሰው ባለፉት 3 ወራት ግንኙነት ያደረገው ሁሉ፣ ሽፍታ ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ባለፉት 6 ወራት የነበረው ሁሉ፣ ምልክት ቢኖረውም ባይኖረውም መመርመር አለበት። «ማን አመጣው» የሚለው ጥያቄ በብዙ ትዳር ውስጥ ሕክምናውን ያዘገያል። ምልክቱ መቼ እንደታየ ማን መጀመሪያ እንደተያዘ አያሳይም፤ አንዱ ላይ ቁስሉ ሳይታይ አልፎ ሌላው ላይ ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ከሕክምና በኋላ አር ፒ አር በየጊዜው ይደገማል። ውጤቱ 1 ለ 2፣ 1 ለ 4፣ 1 ለ 8 እያለ በእጥፍ የሚጻፍ ሲሆን፣ ሕክምናው ሠርቷል የሚባለው ቁጥሩ በአራት እጥፍ ሲወርድ ነው፤ ለምሳሌ ከ1 ለ 32 ወደ 1 ለ 8። ባክቴሪያውን ለይቶ የሚያውቀው የመጀመሪያው ዓይነት ምርመራ ግን ከዳኑ በኋላም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ «አለ» እያለ ይኖራል። ስለዚህ ከዚህ ቀደም የታከመ ሰው ለሥራም ሆነ ለጉዞ ምርመራ ሲቀርብ የሕክምና ወረቀቱን ይዞ መገኘቱ ይጠቅመዋል። አንዴ መያዝ ዳግም ከመያዝ አይከላከልም፤ አዲስ ኢንፌክሽን ሲገባ የወረደው ቁጥር እንደገና ቢያንስ በአራት እጥፍ ይወጣል።